የሊዮን ቡሾን፦ የሸማኔ ማዕድ እንዴት ቅርስ ሆነ?

በፈረንሳይ «ቢስትሮ» የሚለው ስም በየከተማውና በየመንደሩ የሚገኘውን አነስተኛ ምግብ ቤት ሁሉ ስለሚያቅፍ፣ ለጥናት የሚመች ወሰን የለውም። በሊዮን ከተማ «ቡሾን» ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት ግን የራሱ ምግብ፣ የራሱ የወይን መለኪያና የራሱ ማኅበራዊ ታሪክ አለው። ይህ አጭር ጽሑፍ የድኻ ሠራተኛ ማዕድ የነበረው ነገር በምልክት የሚጠበቅ ቅርስ ሲሆን ምን ይዞ፣ ምንስ ጥሎ እንደ ተሻገረ ለማሳየት ይሞክራል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ቡሾን በዛሬው ፈረንሳይኛ የጠርሙስ ቡሽ ማለት ነው። የምግብ ቤቱን ስም በተመለከተ ግን በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ወይን በሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ይሰቀል ከነበረው የገለባ ወይም የቅርንጫፍ እስር ጋር ያያይዘዋል፤ በእኛ ሀገር በጠላ ቤት ደጃፍ በእንጨት ጫፍ ጣሳ እንደሚደፋ ማለት ነው። ፈረስን በገለባ ከማሸት ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

ሊዮን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የሐር ሽመና ከተማ ነበረች። «ካኑ» የሚባሉት ሸማኔዎች በክሯ ሩስ ኮረብታ ላይ፣ ረጅሙን የዣካር መሸመኛ እንዲያስገቡ ጣሪያቸው ከፍ ተደርጎ በተሠሩ ቤቶች ይኖሩና ይሠሩ ነበር። ክፍያቸው በጨርቁ መጠን የሚታሰብ ሲሆን ዋጋውን የሚቆርጡት ነጋዴዎቹ ነበሩ፤ የ1831ዱ ዓመፅ መነሻም ዝቅተኛው የዋጋ ተመን ይከበርልን የሚል ጥያቄ ነው። ሥራቸው ገና ሳይነጋ ስለሚጀምር ረፋድ ላይ «ማሾን» የተባለውን ጠንካራ ቁርስ ከወይን ጋር ይበሉ ነበር።

የቡሾን ምግብ ባሕርይ ከዚህ ይመነጫል። ምርጡ ሥጋ ወደ ባለጠጋው ገበታ ሲሄድ ለሠራተኛው የሚተርፈው ሆድ ዕቃው ነው። «ታብሊዬ ደ ሳፐር»፣ ማለትም «የመሐንዲስ ወታደር ሽርጥ»፣ የበሬ ጨጓራ ተቀቅሎ በነጭ ወይን ከተዘፈዘፈ በኋላ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የሚጠበስ ነው። «አንዱዬት» ከአንጀት የሚሠራ ቋሊማ ነው። «ሰርቬል ደ ካኑ» ደግሞ ትርጉሙ «የሸማኔ አንጎል» ቢሆንም አንጎል የለበትም፤ ለጋ አይብ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቅጠላ ቅጠል፣ ከዘይትና ከኮምጣጤ ጋር የተመታ ነው። ሥጋ መግዛት ላልቻለ ሰው የቀረበ አይብ በአንጎል ስም መጠራቱ ቀልድ ይሁን ንቀት ለመለየት ያስቸግራል፤ በእኔ ግምት ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። ወይኑ ከሰሜን ከቦዦሌ፣ ከደቡብ ከሮን ሸለቆ ይመጣል። የሚቀርበውም «ፖ» በተባለ፣ ታቹ ወፍራም በሆነና 46 ሳንቲ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ነው።

ይህን ማዕድ ከሰፈር አውጥተው ዝና የሰጡት «የሊዮን እናቶች» የተባሉት ሴት ባለሙያዎች ናቸው። ብዙዎቹ በሀብታም ቤት ወጥ ቤት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ የራሳቸውን ቤት የከፈቱ ናቸው። ከገጠር የመጣችው ኤዥኒ ብራዝዬ በ1921 የራሷን ምግብ ቤት ከፍታ፣ በ1933 ለሁለት ቤቶቿ ከሚሽላን መመሪያ ሦስት ሦስት ኮከብ አግኝታለች። ፖል ቦኩዝም በወጣትነቱ በእርሷ ወጥ ቤት ሠርቷል። ይሁን እንጂ የብራዝዬ ገበታ ከሸማኔው ቁርስ እጅግ የራቀ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ የእናቶቹ ታሪክና የቡሾን ታሪክ ጎረቤታሞች እንጂ አንድ አይደሉም።

የሊዮን ታሪካዊ ክፍል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአሮጌው ከተማ ቱሪስት በሚበዛባቸው ጎዳናዎች ዛሬ «ቡሾን» የሚል ጽሑፍ ያልለጠፈ ምግብ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ስሙን ለመጠበቅ በ1997 አንድ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ በ2012 ደግሞ የከተማዋ የንግድ ምክር ቤት የተሳተፈበት ሌላ ምልክት ወጥቶ ወደ 20 ለሚጠጉ ቤቶች ተሰጠ። ምልክቱ የሚመዝነው ምግቡን፣ መስተንግዶውንና የቤቱን ድባብ ነው። ደንበኛው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚበላ ግን ምልክት ሊወስነው የሚችል ጉዳይ አይደለም። ማሾን ዛሬ በአብዛኛው ወዳጆች ተቀጣጥረው የሚበሉት ቁርስ ሆኗል፤ የክሯ ሩስ ባለ ከፍተኛ ጣሪያ ቤቶችም ገንዘብ ያለው የሚሻማባቸው መኖሪያዎች ናቸው። ከገበታው ይበልጥ የሚያሰጋው የሆድ ዕቃው ምግብ ይመስለኛል፦ ማጠቡና ማብሰሉ ረጅም ሰዓትና የለመደ እጅ ይጠይቃል፣ እንግዳው ደግሞ ከዝርዝሩ ላይ ዓሣና ዶሮ መምረጡ አይቀርም።