ግቢን ከማሳመር አስቀድሞ የመሬቱን ጠባይ ስለ መመርመር

የግቢ ማሳመር ሥራ በየወረዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በመቆፈሪያና በችግኝ ነው። ነገር ግን መሬት ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው፤ ይህን ሳይመረምር ሥራ የሚጀምር ሹም ወይም ባለ ግቢ ገንዘቡንም የሕዝቡንም ጉልበት በከንቱ ያደክማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ውሃ ነው። ሥራው ቢያስቸኩልም አንድ ክረምት መታገሥ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፥ በየትኛውም ስፍራ እንደሚተኛ አይቶ በችካል ማስመልከት ይገባል። መታገሥ የማይቻለው ሰው አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሮ ማታ ውሃ ያስሞላበት፤ ውሃው ሳይሰርግ ካደረ በዚያ የሚተከል የፍሬ ዛፍ ሥሩ ይበሰብሳል። ቀጠማ የበቀለበት ቦታ ግን ጉድጓድም አያሻው፥ ራሱ ይመሰክራል። የአገሩንም ሽማግሌ መጠየቅ ለሹም ነውር አይደለም።

በግቢው ምንጭ ቢገኝ ጥንቃቄው ይበልጣል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከአውስትራልያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ዛፍ ነውና ልናማው አይገባም። ሆኖም ፈጥኖ የሚያድገው ውሃ አብዝቶ በመጠጣት ነው፤ በምንጭ አጠገብ ቢተከል ምንጩን ያደክማል። ምንጩም የባለ ግቢው ብቻ አይደለም፥ ከበታቹ ያለው መንደር ይቀዳበታልና።

ስለ አፈሩ፦ መረሬ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠለቀ የድንጋይ አጥር በላዩ አይጸናም። ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ በተዳፋት ላይ ግን ሣሩ ከተነሣ ጎርፍ ይወስደዋል። መሬት የሚያስደለድል ሰው የላይኛውን ለም አፈር ለብቻው አስከምሮ በኋላ ይመልሰው። ይህን ቸል ብሎ ደረቅ ጭንጫ ላይ አበባ የሚያስተክል ብዙ ነው።

በፀሐይም ነገር ስሕተት አይታጣም። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል፥ በሰኔ ግን በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የጥላ ዛፍ ስፍራ በአንድ ወር ጥላ ብቻ አይቈረጥም። በደጋ ደግሞ የሌሊት ውርጭ ወደ ረባዳው ይወርዳልና ብርድ የማይችል ተክል ከፍ ባለው ወገብ ላይ ይሁን።

ከግቢው አስቀድሞ የነበረ ወይራ ወይም ጽድ ቢኖር አይቈረጥ። ለአዲሱ ችግኝ ጉድጓዱ በበጋ ይቆፈር፤ ተከላው ግን ዝናቡ ከጸና በኋላ፥ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን።