ናይሮቢ ሲቲ ተንደር፣ ከኪጋሊ መልስ

በዚህ በናይሮቢ ዌስትላንድስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከእግር ኳስ በቀር ስለ ሌላ ጨዋታ እምብዛም የማንነጋገር ብንሆንም፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ናይሮቢ ሲቲ ተንደር በአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ለመሳተፍ የበቃ የመጀመሪያው የኬንያ ክለብ ሆኖ ኪጋሊ በሄደ ጊዜ፣ ከዋያኪ ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኘው ቡና ቤት የሚሰበሰቡት ወገኖቻችን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሰው ሰንብተዋል። ቡድኑ ከምድቡ ሳያልፍ ከተመለሰ ወዲህም «እንግዲህ ምን ይሆናል?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ስለሆናችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከመመለስ አሳቤን በአንድነት ልጽፈው ወደድሁ።

አስቀድሜ የውድድሩን ሥርዓት ላስረዳ። ሊጉ ግንቦት 8 ቀን 2013 ዓ.ም. በኪጋሊ የተጀመረ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለቱ ክለቦች በሦስት ምድብ ተከፍለው በራባት፣ በዳካርና በኪጋሊ ከተጫወቱ በኋላ፣ ስምንቱ ለጥሎ ማለፉ ወደ ፕሪቶሪያ አልፈዋል። ለተንደር የደረሰው የናይል ምድብ ነበረ፤ ባላጋራዎቹም የሩዋንዳው ኤፒአር፣ የሊቢያው አል አህሊ ትሪፖሊና የደቡብ አፍሪካው ኤምቢቢ ነበሩ፤ ከግንቦት 9 እስከ 17 ባሉት ዘጠኝ ቀናትም ስድስት ጨዋታ ማድረግ ነበረበት። ከዚሁ ምድብ የወጣው አል አህሊ ትሪፖሊ ሰኔ 7 ቀን የአንጎላውን ፔትሮ ደ ሉዋንዳን ድል ነሥቶ ዋንጫውን መውሰዱን ስናስብ፣ ጎረቤታችን የተሸነፈው በማንም እጅ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ይህ መጽናኛ እውነት ቢሆንም የሽንፈቱን ምክንያት እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ። በደብሩ የሚስተካከለው አጥቶ የኖረ የቅኔ ተማሪ ዋሸራ በወረደ ዕለት፣ ዕውቀት ሳያንሰው፣ ከጉባኤው ፊት ቆሞ የመቀኘት ልማድ ስለጎደለው ብቻ ቃሉ እንደሚሰናከልበት፣ ተንደርም በአገሩ ሊግ ሽንፈት ሳያይ ረጅም ጊዜ የቆየ ቡድን በመሆኑ፣ ጨዋታው በመጨረሻው ሩብ በሁለትና በሦስት ነጥብ ሲጠብ ምን መደረግ እንዳለበት የሚማርበት አጋጣሚ አላገኘም።

ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ከዌስትላንድስ ተነሥቶ በኡሁሩ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው፣ በንጉሠ ነገሥታችን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመውን ጎዳና አቋርጦ ጥቂት እንደተጓዘ ንያዮ ስታዲየምን ያገኛል፤ የኬንያ ሊግ ጨዋታ ከሚደረግባቸው ቦታዎች አንዱም በዚያ ያለው የቤት ውስጥ አዳራሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የጫማው ፉጨትና የአሰልጣኙ ድምፅ እስከ ላይኛው መቀመጫ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ጨዋታው ከዕረፍት በፊት አልቆለት ስለነበር፣ የተንደር ልጆች በሁለተኛው አጋማሽ እርስ በርሳቸው እየተራረሙ እንደ ልምምድ አድርገው ጨረሱት። ተመልካቹ ደስ ብሎት ሲበተን እኔ ግን ትጋታቸው የሚገባውን ፈተና ባለማግኘቱ አዝኜ ተመለስሁ።

የዚህም ሥሩ የኬንያው ሊግ አመሠራረት ይመስለኛል። ኡሊንዚ ዋሪየርስ የጦር ሠራዊቱ፣ ኬፒኤ የወደቦች ባለሥልጣን፣ ኢኩዊቲ ዱማስ የባንኩ ቡድን ሲሆኑ፣ ከሌሎቹም አንዳንዶቹ ከዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ናቸው፤ እኛም አገር መከላከያንና ንግድ ባንክን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ለተጫዋቹ የዕለት እንጀራና የማይናወጥ ደመወዝ ስለሚሰጠው ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከሥራ በኋላ የሚለማመድ ቡድን ቀኑን ሙሉ በዚሁ ሙያ ከሚኖር ቡድን ጋር እኩል ሊሮጥ አይችልም። ተንደር ከጥቂት ዓመታት በፊት ትዌንዴ ስፖርት በተባለ ድርጅት እጅ ከገባ ወዲህ የሙያ ክለብ ለመሆን ቆርጦ ተነሣ፤ ከዚያም ጓደኞቹን ጥሎ ሄደና ብቻውን ቀረ።

እንግዲህ በዚህ በዕረፍቱ ወራት ከሁሉ በፊት የሚነሣው የውጭ ተጫዋቾች ጉዳይ ነው። የአፍሪካው ሊግ ሲመሠረት በተደነገገው ሥርዓት አንድ ክለብ እስከ አራት የውጭ ተጫዋቾች ሊይዝ ሲችል፣ ከአፍሪካ ውጭ የሚመጡት ግን ከሁለት እንዳይበልጡ ተወስኗል። በኪጋሊ እንደ ኡቼና ኢሮኤግቡ ያሉት ከባዱን ሸክም ተሸክመዋል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ተጫዋች ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ቢመጣ፣ የጓደኛውን እጅ ሳያውቅ ኳሱን ሁሉ ለብቻው ለመያዝ ይገደዳል፤ በዘጠኝ ቀን ስድስት ጨዋታም ያደክመዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ገንዘቡ የሚጠቅመው ይበልጥ ዝነኛ ሰው ለመቅጠር ሳይሆን፣ የተቀጠረውን ሰው ከማጣሪያው ጀምሮ ለማቆየት ቢውል ነው።

ሁለተኛው የኬንያውያኑ ተጫዋቾች ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ታይለር ኦንግዋይ በየካቲት 2013 ዓ.ም. በያውንዴ፣ ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል በወረወራት ኳስ ኬንያ አንጎላን 74 ለ 73 አሸንፋ ከ28 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት ጀግና ነው፤ ይሁንና ሠላሳን ካለፈ ቆይቷል። አምበሉ ግሪፊን ሊጋሬም የብዙ ዘመን ተጫዋች ነው። አልበርት ኦዴሮን የመሰለ ልጅ ደግሞ በአገሩ የሚፎካከረው ካጣ ሌላ አገር ቢያማትር ሊፈረድበት አይገባም። እነዚህ ሰዎች በውል ተይዘው፣ ከሥራቸውም ወጣቶች ተተክተው ካልተገኙ፣ አሰልጣኝ ብራድ አይብስም ሆነ ማንኛውም ተተኪ በየዓመቱ ከሀ ይጀምራል።

ሦስተኛውና አንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር የሚመስላችሁ አሳቤ፣ ጨዋታ ከጎረቤት መፈለግ እንደሚገባ ነው። የዩጋንዳው ሲቲ ኦይለርስ በአፍሪካው ሊግ ተሳትፎ የተመለሰ ክለብ ነው፤ ከካምፓላ እስከ ናይሮቢ ያለውም መንገድ በአውቶቡስ የአንድ ሌሊት ጉዞ ነው። ከዳሬሰላምና ከኪጋሊ፣ ብሎም ከአዲስ አበባ፣ ክለቦች በየወሩ እየተጋበዙ ቢመጡ፣ ተንደር ያጣውን ፈተና ያገኝ ነበር፤ የእኛም ልጆች ከተዘጋባቸው በር ወጥተው ሌላውን ያዩ ነበር። የሚያስተናግድ ቦታም አይጠፋም፤ በ1979 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተሠራው የካሳራኒ አዳራሽ እስከ አምስት ሺህ ሰው ይይዛል። ሩዋንዳ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው የሚይዘውን የኪጋሊ አዳራሽ በ2011 ዓ.ም. ከከፈተች በኋላ ኤፒአር በየጊዜው በሙሉ ሕዝብ ፊት መጫወትን መልመዱን ለሚያይ ሰው፣ የአዳራሽ ነገር የቅንጦት አለመሆኑ ይገባዋል።

የሚመጣው ዓመት ማጣሪያ እንደተለመደው ከጥቅምት ጀምሮ የሚደረግ ከሆነ፣ ከአሁኑ የሐምሌ ብርድ እስከዚያ ያለው ጊዜ ሦስት ወር አይሞላም። እኔ በበኩሌ ወሬ በሰማሁ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው ኦዴሮ ፈርሞ እንደሆነና የወዳጅነት ጨዋታ ቀጠሮ ወጥቶ እንደሆነ ነው፤ የሰማሁትንም እንደተለመደው እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።