ባለ ቱርቦ የቤተሰብ አውቶሞቢል፤ የሚደርስበት ብልሽትና የሚጠይቀው ወጪ

በየአገሩ ገበያ ከፍ ያለ ተፈላጊነት ካገኙት አውቶሞቢሎች አንዱ፥ በተለምዶ ኤስ ዩ ቪ እየተባለ የሚጠራው፥ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራው የቤተሰብ መኪና ነው። ሠሪዎቹ ፋብሪካዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ትልቁን ሞተር በትንሽ ሞተር ተክተው፥ የጎደለውን ጉልበት በቱርቦ ይሞሉታል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥሪት ሆንዳ ሲ አር ቪ በአሜሪካ ገበያ የቀረበው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር 184 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፥ ቱርቦ ያለበት የ1.5 ሊትር ሞተር ግን 190 ይሰጥ ነበር። ነገር ግን በትንሽ ዕቃ ብዙ ሥራ ማሠራት የራሱ ዕዳ ስላለበት፥ መኪናውን የሚገዛውም ሆነ መለዋወጫውን የሚነግደው ሰው ይህን ዕዳ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

የቱርቦ አሠራር

አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ አየርን አምቃ ወደ ሲሊንደር ትገፋለች። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፥ የቤንዚን ሞተር ጢስም ሙቀቱ ከ900 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፥ ዘንጉን ከመቃጠል በዋነኛነት የሚያድነው ስስ የዘይት ሽፋን ነው።

በከፍተኛ ቦታ ለሚነዳ ሰው ቱርቦ እውነተኛ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ በዚያው ልክ ያጣል። ባለ ቱርቦው የጎደለውን አየር አምቆ ይመልሳል፤ ይህን የሚያደርገው ግን የበለጠ በመሽከርከር ስለሆነ ድካሙ ይጨምራል።

ዘወትር የሚታዩ ብልሽቶች

የመጀመሪያው የቱርቦው የራሱ መበላሸት ነው። ያልተለመደ የፉጨት ድምፅ፥ ሰማያዊ ጢስ፥ የጉልበት መቀነስና የዘይት መጉደል ምልክቶቹ ናቸው። ቱርቦ በአብዛኛው በራሱ አይሞትም፤ የሚገድለው የዘይት ማነስ፥ የዘይት መቆሸሽ፥ ወይም በአየር መግቢያው የሚገባ ባዕድ ነገር ነው። ረጅም ዳገት ወጥቶ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ሾፌርም በዘንጉ ዙሪያ የቀረውን ዘይት አቃጥሎ ወደ ከሰል ይለውጠዋል፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሞተሩን በቀስታ እንዲሠራ ተወት ቢያደርገው ግን ከዚህ ጉዳት ይድናል።

ሁለተኛው ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር መቀላቀሉ ነው። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭበት ሞተር፥ በብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ እየተነዳ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ሲቀር፥ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስቶኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ከላይ የተጠቀሰው የሆንዳ 1.5 ሊትር ሞተር በዚህ ምክንያት በቻይና ብዙ ቅሬታ አስነሥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የሲ አር ቪ ሽያጭ በዚያ አገር ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በአሜሪካም ኩባንያው በብርድ ክፍላተ አገር ላሉ ደንበኞች የሞተሩን ዋስትና ከ5 ዓመት ወደ 6 ዓመት አራዝሟል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ በመቀነስ ፈንታ ከፍ ብሎ ቢታይና ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፥ ዘይቱ ሳይዘገይ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት ሲሰጥ ራዲያተሩ፥ የውሃ ፖምፓውና የፕላስቲክ ቧንቧዎቹ ከባድ ሸክም ይወድቅባቸዋል። ፎርድ ኩባንያ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ያላቸውን የ2013 ሥሪት ኤስኬፕ መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2012 መልሶ የጠራው፥ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል በሚል ነበር። የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ እያየ ጉዞውን የሚቀጥል ሰው፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጓርኒሲዮኑን ያቃጥላል፤ ቴስታታውንም ሊያጣምም ይችላል። በርካሽ ቧንቧ ለውጥ ሊያልፍ የሚችለው ጉዳይ ያን ጊዜ ሞተር ወደማስወረድ ይደርሳል።

ከእነዚህም ሌላ በባልቦላዎቹ ላይ የሚከማቸው ጥላሸትና በአቧራ የሚደፈነው የአየር ፊልትሮ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳሉ።

ወጪው እንዴት ይታሰባል?

ብዙ ገዢ የመኪናውን ዋጋና የቤንዚኑን ፍጆታ ብቻ ያሰላል። ፋብሪካዎች ዘይት እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያገለግላል ቢሉም፥ አቧራ፥ አጭር ጉዞና የመንገድ መጨናነቅ ባለበት ቦታ ጊዜው እንዲያጥር ራሳቸው በመመሪያቸው ያዝዛሉ። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢለወጥለት፥ በዓመት 2 የነበረው ለውጥ 4 ይሆናል። ይህ የ2 ለውጥ ጭማሪ ወጪ ሳይሆን መድን ነው፤ ምክንያቱም በዘይት የተቆጠበ ገንዘብ በቱርቦና በሞተር ዋጋ ተመልሶ ይከፈላል።

የነጋዴው ድርሻ

በኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በተገለጠ ጊዜ፥ በእጅ ያለውን መኪና ረጅም ዕድሜ ማኖር የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። ከዚያም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲፈቀድ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለደረሰ፥ ከውጭ ለሚመጣ መለዋወጫ የሚከፈለው ብር በእጅጉ ጨመረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስሕተት የተገዛ አንድ ዕቃ ለገዢው ከባድ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ቱርቦ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ዕቃውን በመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሩና በመለዋወጫው ቁጥር አመሳክሮ ማቅረብ ይገባዋል። ከቱርቦው ጋር አዲስ ዘይት፥ የዘይት ፊልትሮና ጓርኒሲዮን አብረው እንዲገዙ፥ የዘይት ማስገቢያው ቧንቧም እንዲጸዳ ወይም እንዲለወጥ ለደንበኛው ይንገር። አሮጌው ቱርቦ የሞተበት ምክንያት ሳይወገድ የተገጠመ አዲስ ቱርቦ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻልና፥ ደንበኛው ተመልሶ የሚወቅሰው መካኒኩን ሳይሆን ሻጩን ነው። አስመስለው የተሠሩ ፊልትሮዎችንና መለያቸው የማይታወቅ ዘይቶችን ከመደርደሪያው የሚያርቅ ነጋዴ ለጊዜው ጥቂት ትርፍ ቢቀርበትም፥ የደንበኛውን እምነት ያተርፋል።