ከከተማ ከተማ የሚዞር የፊልም ፌስቲቫል፤ በዲላና በጌዴኦ ዞን

ተዘዋዋሪ የፊልም ፌስቲቫል አንድን የፊልም ስብስብ ከከተማ ከተማ እያዞረ የሚያሳይ ዝግጅት ነው። በአንድ ከተማ የሚካሄድ ፌስቲቫል ተመልካቹን ወደ ሲኒማ ቤት ይጠራል። ተዘዋዋሪው ግን ሲኒማ ቤት ወደሌለበት ይሄዳልና አዳራሹን፣ መብራቱን፣ አስተርጓሚውንና ተመልካቹን ራሱን የሚያገኘው በየቦታው ባለው ሰው አማካይነት ነው። ስለዚህ የአጋሮች መረጣ ከፊልሞች መረጣ ይቀድማል።

በኢትዮጵያ የፊልም ፌስቲቫል ታሪክ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልም ሆነ በዘጋቢ ፊልሞች የሚታወቀው አዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል መቀመጫቸው መዲናዋ ነበረች። ከዚህ ወጣ ያለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያዘጋጀው የሰብአዊ መብቶች ፊልም ፌስቲቫል ነው፤ ይህኛው ወደ ክልል ከተሞችም ይሄዳል። በሌላው አፍሪካ ልምዱ ቆየት ያለ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዛንዚባር ፌስቲቫል ከዋናው ከተማ መርሐ ግብር ጎን ለጎን በደሴቶቹ መንደሮች ፊልም ያሳይ ነበር። በምዕራብ አፍሪካም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሸራ፣ ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር በመኪና ጭነው ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው መንደሮች የሚያሳዩ ቡድኖች ተደራጅተዋል።

የጌዴኦ ዞን አቀማመጥ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ያመቻል። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ዲላ በሞያሌው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ወናጎ፣ ይርጋ ጨፌና ፍስሐ ገነትም በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ ተከታትለው ይመጣሉ። አንድ ፕሮጀክተርና አንድ መኪና ያለው ቡድን ዕቃውን ቀን እያጓጓዘ ማታ ማታ ማሳየት ይችላል። ከጎዳናው ወጥቶ ወደ ቡሌ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ለዲላ ምሽት የሚመቸው የሜዳ ትርኢት እዚያ አያስኬድምና መስኮቱ የተጋረደ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይሻላል። ፌስቲቫሉ ክልሉን በሙሉ ለመዞር ካሰበ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎቹን በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በሳውላ፣ በጂንካና በካራት አከፋፍሏል። ዲላና አርባ ምንጭ በካርታ ሲታዩ ጎረቤት ይመስላሉ፤ መኪናው ግን ዓባያ ሐይቅን መዞር አለበት። ይህን ያላየ መርሐ ግብር የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ይፈርሳል።

ቀን መቁረጥ ከቦታ መምረጥ ይከብዳል። የጌዴኦ ኑሮ በቡና ላይ የቆመ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ላይ ነው፤ እሸት ቡና የሚፈለፈልበትና የሚታጠብበት ጣቢያም እስከ ሌሊት ይሠራል። በዚህ ጊዜ ለሰው ኪስ ገንዘብ ይገባል፤ ጊዜ ግን የለውም። በበልግ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዝናቡ ሜዳውን ያጨቀየዋል። የሚሻለው ክፍተት ጥርና የካቲት ነው። በጥር ደግሞ የብሔሩ የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል ዳራሮ ይከበራል። አንዳንድ አዘጋጅ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቀን ነው ብሎ ፌስቲቫሉን ከበዓሉ ጋር ማጣበቅ ያምረዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው፤ በዓሉ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ባለቤት አለውና ፊልሙ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በየከተማው የገበያ ቀን፣ በየአጥቢያው የመዘምራን ልምምድ፣ በዩኒቨርሲቲው የፈተና ሳምንት መቼ እንደሚውል ማወቅም ያስፈልጋል። ይህንን የሚያውቀው እዚያው የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

አጋር የሚባለውም ይህን እውቀት ይዞ በውሳኔ የሚካፈል ነው። አዳራሹን አከራይቶ ወይም አውሶ ቁልፉን የሚያስረክብ ወገን አጋር ሳይሆን አከራይ ነው። በጌዴኦ ለዚህ የሚበቁ ተቋማት አሉ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ የቴክኒክ ባለሙያና ለማስተናበር የሚሰለፉ ተማሪዎች ይኖሩታል። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በአባል ማኅበራቱ በኩል ወደ ቀበሌዎች የሚደርስ መዋቅር አለው። ዕድሮች ድንኳን፣ ወንበርና ጥሩምባ ነፊ አሏቸው፤ የጥሩምባው ጥሪ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ያስጨርሳል፤ ጸጥታውንም ከፖሊስ ጋር ያገናኛል። ከሁሉም ቀድሞ ግን የሚጠየቁት የሶንጎ አባቶች ናቸው። ሶንጎ ሽማግሌዎች ስለ አካባቢው ጉዳይ የሚመክሩበትና ክርክር የሚዳኙበት ሥፍራም ጉባኤም ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተደባልቀው የሚበቅሉበት እርሻ፣ ትክል ድንጋዮቹና ይህ ነባር ሥርዓት ተያይዘው ነው የታዩት። አባቶች ሳይመክሩበት የመጣ ዝግጅት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ቢይዝም በመንደሩ ዘንድ ባለቤት የለውም። የሶንጎው ሜዳ ለጥና ሰፊ ስለሆነ ብቻም ሸራ አይተከልበትም።

የፊልሞቹ መረጣ እዚህ ላይ ይመጣል። ማዕከላዊው አዘጋጅ ሰፋ ያለ ዝርዝር ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ከተማ ከዚያ ውስጥ ይመርጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ፊልም ብቻ ለሁሉም የጋራ ይሆናል። ለምሳሌ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው «ብላክ ጎልድ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የኢትዮጵያ ቡና አምራች በዓለም ገበያ የሚደርሰውን ዋጋ ይከተላልና ይርጋ ጨፌ ላይ የሚያስነሳው ክርክር አዲስ አበባ ካለው ይለያል፤ ተመልካቹ ዋጋውን ከራሱ ደረሰኝ ያውቀዋል። ለልጆች «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰለ ሥራ ቀደም ብሎ በምሽቱ መጀመሪያ ይቀርባል። ጥንቃቄ የሚሻው የግጭት ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ መፈናቀልን የሚያሳይ ፊልም ያንን ባዩ ሰዎች ፊት ሲቀርብ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ቀድመው ቢያዩት፣ ውይይቱንም የሚመሩት እነርሱ ቢሆኑ ይመረጣል።

ቋንቋው ብዙ አዘጋጆች የሚረሱት ጉዳይ ነው። ከተማ ላይ አማርኛ ያስኬዳል፤ ገጠር ሲገባ ሕፃናትና አረጋውያን የሚሰሙት ጌዴኡፋ ነው። በፊልሙ ግርጌ ጽሑፍ ማስገባት ለማያነብ ሰው ጥቅም የለውም፤ ከሸራው በራቀው ወንበርም አይታይም። ኡጋንዳ ውስጥ ይህንን የፈቱት በማይክሮፎን ነው፤ በየቪዲዮ ቤቱ አንድ ተራኪ ድምፁን ዝቅ ካደረገው ፊልም በላይ በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እያብራራና እየቀለደ ያሳያል። አንዳንዱ ተራኪ ከተዋናዩ የበለጠ ዝና አለው። ለጌዴኦም ይህ መንገድ ከሁሉ ርካሹ ነው። ተራኪው ግን ፊልሙን ከሦስት ቀን በፊት አግኝቶ ደጋግሞ ማየት አለበት፤ አለዚያ ቀልዱ ይቀድመውና ታሪኩ ይጠፋል። በዘጋቢ ፊልም ላይ ደግሞ የባለታሪኩን ቃል እንዳያጣምም ከአዘጋጁ ጋር አስቀድሞ ይነጋገራል።

ቴክኒኩ ከተወራለት ይቀላል። አራት ሜትር ስፋት ላለው ሸራ 4000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር በጨለማ ይበቃል። ዲላ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ትርኢቱ ከ1 ሰዓት በፊት ከጀመረ ምስሉ ይገረጣል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ እንዳይጎዳ ዩፒኤስ፣ ለቀሪው ደግሞ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ጄኔሬተሩ ከሕንፃ ወይም ከግንብ ጀርባ ርቆ ይቀመጥ፤ አለዚያ ድምፁ ከፊልሙ ጋር ይሻማል። ፊልሞቹ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይጓዛሉ።

የመብት ጉዳይ ትኬት ስለማይሸጥ ብቻ አይቀርም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ከተሞቹን በስም፣ የትርኢቱን ቁጥርና በቦታው የሚደረገውን የቃል ትርጉም ጭምር ሊጠቅስ ይገባል፤ «ለአንድ ፌስቲቫል» የሚል ደብዳቤ ለአምስት ከተሞች ሲውል ክርክር ያመጣል።

ገንዘቡ ከሚታሰበው በተለየ መንገድ ይወጣል። ትልቁ ወጪ ነዳጅ፣ አበልና ማደሪያ ነው። የአጋሮቹ መዋጮ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓይነት ነው፤ የዕድሩ ወንበር፣ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ የወጣቶቹ ጉልበት። ይህ ዋጋ ወጥቶለት በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ ስፖንሰሩ ሁሉንም የሠራው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። የመጨረሻው ትርኢት ካለቀ በኋላ በየከተማው ሒሳቡ በአጋሮቹ ፊት ይነበባል፤ ፈቃዳቸው ያለቀ የፊልም ቅጂዎች ከዲስክ ይሰረዛሉ፤ ፈቃድ የተገኘላቸው ደግሞ ለትምህርት ቤቶች ወይም ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይተላለፋሉ። የሚቀጥለው ዓመት ቀን የሚቆረጠውም በዚሁ ስብሰባ ላይ ነው፤ የቡናው ለቀማ መቼ እንደሚያልቅ ገበሬዎቹ ከተናገሩ በኋላ።