ውሃ የሌለበት ሚካ

በዚህ እትም ስሙ ብዙም ስለማይነሳ ማዕድን እናወራለን፤ ኖሪሻይት ይባላል። የመረጥነው ብርቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፈተና ላይ «ሚካ ሁሉ በውስጡ ሃይድሮክሲል አለው» ብለን ጽፈን ሙሉ ማርክ ያገኘን ብዙዎች ነን። ኖሪሻይት ይህን ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል።

መጀመሪያ ስለ ተራው ሚካ። የድሮ የኤሌክትሪክ ካውያ ፈታችሁ ካያችሁ፣ የሚግለው ሽቦ የተጠመጠመበት ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ወረቀት የሚላጥ ነገር ታገኛላችሁ። እሱ ሚካ ነው። የሚላጠው በአሠራሩ ነው። ሁለት የሲሊከንና የኦክስጅን ንጣፎች እንደ አሉሚኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን መሃል አስገብተው እንደ ሳንድዊች ይጣበቃሉ። አንዱን ሳንድዊች ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ፖታሲየም ነው፤ ይህ ማያያዣ ደካማ ስለሆነ በጥፍር እንኳ ይለቃል። ከመሃለኛው ንጣፍ ኦክስጅኖች አንዳንዶቹ ሃይድሮጅን ተሸክመዋል። የተለመደው ሚካ፣ ሙስኮቫይት፣ ከመጠን በላይ ሲግል ይህ ሃይድሮጅን በውሃ ትነት መልክ ይወጣና ማዕድኑ ይበላሻል። ካውያ እዚያ ሙቀት ስለማይደርስ ነው የሚያገለግለው።

አሁን ወደ ኖሪሻይት እንምጣ። ቀመሩ አንድ ፖታሲየም፣ አንድ ሊቲየም፣ ሁለት ማንጋኒዝ፣ አራት ሲሊከንና 12 ኦክስጅን ነው። ቻርጁን አብረን እንቁጠር። ፖታሲየምና ሊቲየም አንድ አንድ፣ አራቱ ሲሊከኖች 16 ይሰጣሉ። ማንጋኒዙ እንደ ብዙዎቹ ማዕድናት +2 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 22 ይሆን ነበር፤ ይህም አሥር ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮክሲል ላለው ለተለመደው ሚካ ልክ ይበቃል። እዚህ ግን ማንጋኒዙ +3 ነው። ድምሩ 24 ይሆናል፤ 12ቱ ኦክስጅኖች የሚፈልጉት ደግሞ 24 ነው። ሒሳቡ ተዘጋ፣ ለሃይድሮጅን ቦታ የለም።

መድረሳ ሳለን ነሕው ስንማር፣ ቃዒዳውን በቃላችን እንደወጣን ኡስታዛችን «ኢስቲስናውስ?» ይሉን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን ጥያቄ የረሳነው ይመስለናል።

ማዕድኑን ኤግልተንና አሽሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። የተገኘው በአውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ግሬንፌል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሆስኪንስ ማንጋኒዝ ማውጫ ነው። ስሙ አፈርና ሸክላን በኤክስሬይ በመመርመር ከሚታወቁት አውስትራሊያዊው ኪዝ ኖሪሽ የተወሰደ ነው። ጥቁርና አብረቅራቂ ነው።

ለምን እዚያ? ቦታው በጥንት ጊዜ ማንጋኒዝ የበዛበት የባህር ወለል ደለል ነበር። ደለሉ ተቀበረ፣ ጋለ፣ ተጨመቀ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጉዞ ላይ ማንጋኒዝ ኦክስጅኑን እያጣ ወደ +2 ይወርዳል። እዚህ አልወረደም፤ አብሮት የሚገኘው ብራውናይት የሚባለው ማዕድንም +3 ማንጋኒዝ መያዙ የአለቱን ኦክስጅን ያልጎደለው መሆን ይመሰክራል። ፖታሲየምና ሊቲየምም ነበሩ። ሦስቱ በአንድ ቦታ መገጣጠማቸው ነው ብርቅ ያደረገው። ማሱቶሚላይት የተባለው ሌላው የማንጋኒዝ ሚካ ለምሳሌ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በጃፓን፣ ሺጋ፣ ከግራናይት ማግማ መጨረሻ ላይ በሚቀረው ፔግማታይት ውስጥ። በአገራችን ጉጂ ውስጥ የቀንጢቻ ሊቲየማም ሚካም የዚህኛው መንገድ ልጅ ነው።

የኤሌክትሪካልና የኬሚካል ተማሪዎች እዚህ ጋ ጆሮ ስጡን። +3 ማንጋኒዝ በስድስት ኦክስጅኖች ሲከበብ እኩል አይዝም፤ አራቱን ያቀርባል፣ ሁለቱን ያርቃል። ያን ቴለር መዛባት ይሉታል። የኖሪሻይት ክሪስታል ሲመረመር ይህ መለጠጥ ጎልቶ ታይቷል። ይኸው ጠባይ ሊቲየምና ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ባለባቸው ባትሪዎች ውስጥ ራስ ምታት ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ማንጋኒዙ ወደ +3 ይጠጋል፣ ክሪስታሉ ይለጠጣል፤ ሲሞላ ይመለሳል። ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ይሰነጠቃል፣ አቅሙም ይቀንሳል። በማዕድኑ ውስጥ ግን መመላለስ የለም፤ ሲፈጠር ጀምሮ ተለጥጦ ተቀምጧል።

ቤቱ ውስጥ የተበላሸ የድሮ ካውያ ያለው ወንድም ወይም እህት ካለ ያምጣልን፤ ሽቦው ከተነቀለ በኋላ ሚካውን አብረን እንላጠው።