የተነካካን የሞተር ኮምፒዩተር ወደ ፋብሪካ ልኩ ስለ መመለስ

የባሌ ደጋ ንግድ በመኪና ጉልበት ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። የሮቤ ስንዴና ገብስ ወደ ሻሸመኔና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው፥ የሐረና ጫካ ቡናና ማርም ከደሎ መና ተነሥቶ የሳነቴን አምባ በማቋረጥ ጎባ የሚደርሰው በመኪና ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፥ ጎባም 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ሲገኙ፥ የሳነቴ መንገድ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በሮቤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፥ በሳነቴ ግን ከመቶ ስድሳ ገደማ ብቻ ነው።

ሞተር የሚሠራው በነዳጅና በአየር ስለሆነ፥ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ መቀነሱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ባለመኪናዎች ይህን እንደ ሞተር ድካም በመቍጠር፥ የሞተሩን ኮምፒዩተር ፕሮግራም ያስለውጣሉ። ይህም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በካርቡራተር ዘመን መካኒኩ ነዳጁን በጠመንጃ መፍቻ፥ ሞተሩንም በጆሮው ያስተካክል ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. የቦሽ ኩባንያ ሞትሮኒክ የተባለውን መሣሪያ በቢኤምደብልዩ 732አይ መኪና ላይ ካዋለ ወዲህ፥ የነዳጁን መጠንና የካንዴላውን እሳት ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር በአንድነት ይወስን ጀመር። ኮምፒዩተሩ የአየሩን ግፊትና ሙቀት እየለካ፥ ፋብሪካው ካሰናዳለት ሠንጠረዥ ትእዛዙን ያወጣል። በቱርቦ መኪና ደግሞ፥ አየሩ በሳሳ መጠን ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር ግፊቱን ይቀንሳል። ይህ ገደብ በተለወጠ ፕሮግራም ሲነሣ፥ ቱርቦው በሳነቴ ዳገት ላይ ያለ መጠን ይፈጥናል፤ ሞተሩ ይግላል፤ የናፍጣውም ሲሳይ አየር አጥቶ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። በቤንዚን መኪናም ቢሆን፥ በደጋው ስስ አየር ያላስቸገረው የእሳት ጊዜ ወደ ደሎ መና ቆላ ሲወረድ ሞተሩን ሊያንኳኳና ፒስተን ሊያበላሽ ይችላል።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ፕሮግራሙን ባስለወጠው ላይ ሳይሆን፥ መኪናውን ሳያውቅ በገዛው ነጋዴ ላይ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላ ደግሞ፥ በእጅ ያለውን የነዳጅ መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል።

በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ባትሪውን ነቅሎ በማቆየት ኮምፒዩተሩ ወደ ጥንቱ የሚመለስ መስሎ መታየቱ ነው። ባትሪ መንቀል የሚያጠፋው ኮምፒዩተሩ በጉዞ የተማረውንና አንዳንድ የብልሽት ምልክቶችን ብቻ ነው። የተለወጠው ሠንጠረዥ ግን ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ማኅደር የተጻፈ በመሆኑ ባለበት ይቀራል። እርሱን የሚመልሰው የፋብሪካውን ፕሮግራም እንደ ገና መጻፍ ነው።

የሥራውም ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። አንደኛ፥ የኮምፒዩተሩና የፕሮግራሙ ቍጥር ይነበባል፤ የብልሽት ምልክቶችም ይመዘገባሉ። በሽቦዎች መካከል የተሰካ ትንሽ ሣጥን ካለ፥ ለውጡ በእርሱ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ይነቀላል። ሁለተኛ፥ ፕሮግራሙን የለወጠው ባለሙያ ጥንቱን ቀድቶ አስቀምጦ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካልተገኘ ከአምራቹ ወኪል ይፈለጋል። ከሌላ ተመሳሳይ መኪና መቅዳት አያስተማምንም፤ ካምቢዮው ወይም የተሠራበት ዓመት ሊለያይ ይችላል፤ ማኅደሩ በሙሉ ከተቀዳም መኪናው የገዛ ቍልፉን ሊክድ ይችላል። ሦስተኛ፥ በሚጻፍበት ጊዜ የባትሪው ኃይል በመደገፊያ ቻርጀር ይጠበቃል፤ መብራት ቢቋረጥ ወይም ባትሪ ቢደክም ኮምፒዩተሩ ከነጭራሹ ሊበላሽ ይችላልና። አራተኛ፥ ከለውጡ ጋር የተነሣ ወይም የተቀየረ ዕቃ ሁሉ፥ የጢስ ማጣሪያም ሆነ የነዳጅ መርጫ፥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ካልሆነ የሞተሩ መብራት መብራቱን አይተውም። በመጨረሻም ከጎባ ወደ ሳነቴ በመጠነኛ ጭነት ተነድቶ፥ ጢሱና ሙቀቱ ይመረመራል።

ሥራው ሲፈጸም መኪናው ዳገት ላይ የሰነፈ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያ ስንፍና ፋብሪካው ለሞተሩ ዕድሜ ሲል የተወለት ትርፍ ጉልበት ነው። እንግዲህ መኪና የሚሸጥ፥ ፕሮግራሙ ተለውጦ እንደሆነ በውሉ ላይ ቢገልጽ፤ የሚገዛም የፋብሪካውን ፕሮግራም ቅጂ ከሊብሬው ጋር ቢረከብ፥ ሁለቱንም ከክርክር ያድናቸዋል። ሊብሬ የመኪናውን ባለቤት እንደሚያስረዳ ሁሉ፥ ይህም ቅጂ የሞተሩን እውነተኛ ልክ ያስረዳልና።