ሰርቨራችን ለምን ይሞቃል? እንዴትስ እናቀዝቅዘው?



በቤተ መጻሕፍታችን ጥግ ያለችውን ግራጫ የብረት ሣጥን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በውስጧ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባል ኮምፒዩተርና አንድ ሃርድ ዲስክ ይገኛሉ። የትምህርት መጻሕፍት፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችና ያለ ኢንተርኔት የሚነበበው ውክፔዲያ የተቀመጡት እዚያ ነው። በታብሌት የምትከፍቱት ገጽ ሁሉ ከዚህች ሣጥን ይመጣል። ሌሎችን እንዲህ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል።

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ይህ ሰርቨር በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይንቀራፈፍ ነበር። እኛ መምህራንም «የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቪዲዮ እየከፈቱ ነው ያጨናነቁት» ብለን ለሁለት ሳምንት ከለከልናቸው። መንቀራፈፉ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ሣጥኗን ስንከፍት እንደ ምድጃ ግላ አገኘናት። ያን ጊዜ ሣጥኗ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይኖራት ተቆልፋ ነበር። ከሌባ አድነን ለሙቀት አሳልፈን ሰጥተናት ኖሯል። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ ይቅርታም ጠይቀናቸዋል። ዳግመኛ እንዳንሳሳት ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮምፒዩተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። 5 ዋት ከወሰደ 5 ዋት ሙቀት ያወጣል። 5 ዋት ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ መውጫ ካጣ ይጠራቀማል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ ጥዳችሁ በሩን ብትዘጉ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የሣጥኗም ነገር እንዲሁ ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ 4 የራሱን ሙቀት ይለካል። 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ 85 ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። በቀትር ፀሐይ የሚጓዝ ሰው እርምጃውን እንደሚያዘገይ ማለት ነው። ሃርድ ዲስክ ግን ከዚህ ይበልጥ ስስ ነው። አብዛኞቹ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አልተዘጋጁም፤ ዲስኩ ከተበላሸ ደግሞ የተጻፈበት ሁሉ አብሮት ሊጠፋ ይችላል።

ምን አደረግን?

1ኛ. ቦታ ለወጥን። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮም ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ስለዚህ ሣጥኗን ወደ ታች አወረድናት። አቧራ እንዳይበዛባት ግን መሬት ላይ አላስቀመጥናትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚመታው የምዕራብ ግድግዳም አራቅናት።

2ኛ. መግቢያና መውጫ አበጀን። በአንዱ ጎን ከታች፣ በተቃራኒው ጎን ከላይ ቀዳዳዎች በሳን። ቀዝቀዝ ያለው አየር ከታች ገብቶ በኮምፒዩተሩ ላይ አልፎ ከላይ ይወጣል። ሁለቱም ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ አየሩ በአቋራጭ ይወጣና የጋለውን ክፍል ሳይነካው ይቀር ነበር። ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ስለሸፈንን ቁልፉም ሥራውን አልተወም።

3ኛ. በላይኛው ቀዳዳ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ትንሽ ማራገቢያ ገጠምን። ልብ በሉ፤ ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ክፍሉ 38 ዲግሪ ከሆነ ሣጥኗ ከ38 በታች አትወርድም። የክፍሉን መስኮት ጠዋት መክፈት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

4ኛ. ከባድ ሥራዎችን፣ ለምሳሌ ብዙ ፋይል መቅዳትን፣ ወደ ማታ አዛወርን። ብዙ የሚሠራ ኮምፒዩተር ብዙ ይሞቃልና።

ከዚህ በኋላ በቀትር የሚለካው ሙቀት ከ70 ዲግሪ በታች ሆነ።

«እርጥብ ጨርቅ ብናለብሰውስ?»

ይህን የጠየቀች ተማሪ በደንብ አስባለች። የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ በእኛ ደረቅ አየር ደግሞ ይህ ዘዴ በደንብ ይሠራል። ነገር ግን ውኃና ኤሌክትሪክ ባላንጣዎች ናቸው። አንዲት ጠብታ ሰርቨሩን ልታቃጥለው ትችላለች። እንስራውን ለመጠጥ ውኃችሁ አቆዩት።

የእናንተ ድርሻ

ትልቁ ጠላታችን አሁን አቧራ ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የተጋገረ አቧራ በቀትር ጋቢ እንደ መደረብ ነው። ስለዚህ በታችኛው ቀዳዳ ላይ ያለውን ስስ ጨርቅ ተረኞች በየሳምንቱ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ መልሱት። ወፍራም ጨርቅ አትተኩ፤ አቧራውን ብቻ ሳይሆን አየሩንም ይዘጋል። ውስጡን የሚያጸዳ መምህር ብቻ ነው፤ እሱም ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ያጸዳል። በሣጥኗ ላይ ደብተርም ሆነ ቦርሳ አታስቀምጡ። በጠዋት፣ በቀትርና በማታ የተለካውን ሙቀት በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ደብተር መዝግቡ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ጨርቁ ታፍኗል ወይም ማራገቢያው ቆሟል ማለት ነውና ሳትዘገዩ ንገሩን።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። ይህ አባባል ለሰው ብቻ አይደለም፤ ፈተና ሲደርስ ለምንፈልጋት ለዚያች ትንሽ ሣጥንም ይሠራል።